ሥሩን ተዉልኝ

ስልኩ ሲጠራ ዝናብ ይጥል ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው። ለጉልበቴ ሕክምና ብዬ ከሰፈሬ ከብልባላ ወርጄ ላሊበላ ልጄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። የደወለው ሲሳይ ነበር። ሲሳይ የእታገኝ የወንድም ልጅ ነው፤ እታገኝ ደግሞ የአያ ደርበው ባለቤት ነበረች።

"እትዬ ሙሉ" አለኝ። በእሱም በኩል ዝናቡ ይሰማኛል። "አያ አረፉ። ዛሬ ጧት።"

"ታመው ነበር?"

"ኧረ ምንም። ትናንት ወንዙ ሞልቶ እሱን ሲያዩ ነው የዋሉት። ጧት ብገባ እንደተኙ ናቸው።"

እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት። የቀብሩን ሰዓት ጠየቅሁት፤ መንገዱ በጭቃ ስለተበላሸ እንደማልደርስ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ልዘጋ ስል፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለኝ። "አሁን የሚጠየቅ አይደለም። ግን ሰዉ ከወዲሁ እያወራ ነው። ለአርባቸው የዳሱን እንጨት ከየት እናድርገው?"

"ስመጣ እነግርሃለሁ" አልኩት።

ይህንኑ ጥያቄ ሲሳይ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጠይቆኝ ነበር። ያን ጊዜ መልሱን ቶሎ ሰጥቼዋለሁ።

አያ ደርበው ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ መጀመሪያ የምነግረው ስለ በትራቸው ነው። የወይራ በትር ነበረች፤ ከቁመታቸው ትንሽ ትበልጣለች። አጭር ሰው ነበሩ። ከወታደር ቤት ይዘውት የመጡት ካፖርት እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርስ ነበር። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሸንኮሬ ወንዝ ጎድሎ ዳሩ ጠጠር ሲል፣ በትራቸውን ይዘው ከወንዙ አፋፍ ይነሡና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር እየለኩ ይወጣሉ። በትሯን መሬት ላይ ያጋድሟታል፣ ጫፏ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ፣ ያነሷትና ከጠጠሩ ጀምረው እንደገና ያጋድሟታል። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ወገባቸውን ይዘው ቀና ይላሉ።

"ጻፊ፣ እቴ ሙሉ።"

እጽፋለሁ። "ዘንድሮ ምንም አልበላ" ወይም "ዘንድሮ ግማሽ በትር በላ" ይላሉ፤ አጥር ጥሶ ስለገባ የጎረቤት በሬ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ደብራችን ኪዳነ ምሕረት ከወንዙ በላይ ነው የተቀመጠው። በደብሩና በወንዙ መካከል ያለው ተዳፋት መቃብር ነው፤ የሰፈሩ ሰው አባት እናቱ ሁሉ እዚያ ነው ያሉት። ሸንኮሬን በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች። በክረምት ግን ከተራራው አፈርና ድንጋይ ይዞ ይወርድና ዳሩን ከሥር እየቦረቦረ ከላይ ይጥለዋል። አያ ደርበው ልጅ ሳሉ ከአፋፉ እስከ መጀመሪያው መቃብር ድረስ ሽምብራ ይዘራበት ነበር። ከወታደር ቤት ሲመለሱ የሽምብራው መሬት አልነበረም። ወንዙ እሱን ጨርሶ ወደ ሙታኑ እየመጣ ነበር።

ያኔ ነው መትከል የጀመሩት። ወይራ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ያገኙትን ሁሉ። ውሃ የምትቀዳው እታገኝ ነበረች። ሳቂታ ሴት ነበረች። "ይሄ ሰውዬ እኔን ያገባኝ ለዛፎቹ ሞግዚት ፈልጎ ነው" ትል ነበር። ልጅ አልወለዱም። ይህን ስትል አያ ደርበው ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ፣ እሷ ግን ቀልዷን አታቆምም።

ሰዉ መጀመሪያ ይስቅባቸው ነበር። ወታደር ሳሉ ቀይ ባሕር ዳር ነበሩና፣ እዚያ ባሕሩ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ አይቻለሁ፣ ዳርቻውን እሱ ነው የሚይዘው ብለው ተናግረዋል። ለሰፈሩ ጎረምሳ ከዚህ የተሻለ መሳቂያ አልነበረም።

"አያ ደርበው፣ እስቲ ስለዚያ ጨው ስለሚልሰው ዛፍ ያውሩልን።"

"አለ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ጨው ሲበላ ውሎ አይጠማውም?"

"አንተ ስንት ጋን ጠላ ጠጥተህ ጥማትህ አልቆረጠ፤ የዛፉ ጥማት ምን አሳሰበህ?"

ሳቁ ቀስ በቀስ ቀረ። ዛፎቹ አድገው ወንዙ በሥራቸው ሲያልፍ ዳሩን ሳይነካ ሲሄድ ሰዉ ራሱ መትከል ጀመረ። አንድ አባባል ነበረቻቸው። ማገዶ ፈልጎ የመጣውን ሰው አይቆጡም። "ቅርንጫፉን ውሰዱ፣ ሥሩን ተዉልኝ" ይላሉ። ይህን ሲሉ እጃቸውን ይዘረጉና ጣቶቻቸውን ወደ መሬት ዘቅዝቀው አየሩን ይጫኑታል፤ ሊጥ ውስጥ እጁን እንደሚከት ሰው። ለሴትም፣ ለቄስም፣ ለፍየልም ያው ነው ንግግራቸው። "ሥሩን ተዉልኝ።"

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነው በዚያ ቀበሌ ጸሐፊ ሆኜ የሄድኩት፤ እዚያው አግብቼ ቀረሁ። ወንዝ ዳሩን የሚጠብቅ ኮሚቴ ሲቋቋም አያ ደርበው ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንን። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ አንድም ዛፍ አይቆረጥም ይላል። "ሰብሳቢው በማይመቸው ጊዜ ጸሐፊዋ ትፈቅዳለች" የምትለዋንም የጨመርኳት እኔ ነኝ። ደንብ እንዲህ ያለ ነገር ያስፈልገዋል ብዬ ነበር።

እታገኝ የሞተችው በግንቦት ነው። ሦስት ቀን ታመመች፣ በአራተኛው ሞተች። የተቀበረችው ከሁሉም በታች ነው፤ እሷ ካሳደገችው ሾላ ጥላ ሥር ትሁን ብለው አያ ደርበው ስለለመኑ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። ቀና ብለው ሰው አያዩም።

የተዝካሩን ዝግጅት ሰፈሩ ያዘው። ሰዉ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር። እኒህ ሰው ለሁላችንም ሙታን ሲደክሙ ኖረዋል፣ ዛሬ የእሳቸው ሰው ሞታለችና እናክብራቸው። ከልብ ነበር።

ሲሳይ ያን ጊዜ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጄ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ ሙሉ፣ ዳሱን በሸራ እናድርገው የሚሉ አሉ።"

"የምን ሸራ?"

"ከከተማ የሚመጣ። ላስቲክ ነገር ነው። ባለፈው ወር ለዚያ ነጋዴ እናት የተጣለውን ዳስ አይተዋል አይደል? ከዚህ እዚያ ድረስ ነው ቅጠሉ። ታዲያ ለእታገኝ ላስቲክ?"

እኔንም ደስ አላለኝም። "ምን አሰባችሁ?" አልኩት።

"የወንዝ ዳሩ ቅርብ ነው። ቀጥ ያለም ነው። ደግሞ የእጇ ሥራ ነው፣ ውሃ እየቀዳች ያሳደገችው። በእሱ ጥላ ብትታሰብ ይገባታል። አያን ልጠይቅ ገብቼ ነበር፣ አልሰሙኝም። እርስዎ ካሉ ይበቃል ብዬ ነው።"

አሰብኩበት ብል ውሸት ነው። ጓደኛዬ ነበረች።

"ለእታገኝ አይነፈግም" አልኩት። "ቁረጡ።"

አያ ደርበው በየቀኑ የሚሏትን፣ እኔ በየቀኑ የምሰማትን ቃል ግን አልተናገርኩም። ሥሩን ተዉ አላልኩም።

ዳሱ ትልቅ ነበር። በዚያ አገር እንደዚያ ያለ ዳስ ተጥሎ አያውቅም ተባለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከወጡ ዘንድ ነበርኩ። ድስቱ ብዙ ነው፣ እሳቱ ቀኑን ሙሉ መቆየት አለበት፤ ጉቶ ደግሞ እሳት ያቆያል። ጎረምሶቹ ከግንዱ አልፈው ጉቶውን በመቆፈሪያ እየነቀሉ ያመጡልን ነበር። ከትልቁ ድስት ሥር አንድ የሾላ ጉቶ ተማገደ። ከሥሩ ጋር የመጣው የወንዝ አፈር ገና እርጥብ ነበርና በእሳቱ ላይ እየተንጫጫ ይረግፋል። አየሁት። ሴቶቹ ጨው ጨምሪ አልጨምር ይከራከራሉ። እኔም ወጡን ማማሰሌን ቀጠልኩ።

አያ ደርበውን ሁለት ቄሶች ደግፈው አስገቧቸው። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ያያቸዋል፤ እንዴት እንዳከበርናቸው እስኪያዩ እየጠበቀ። ቀና አሉ። ቅጠሉን አዩት። ከዚያ መሐል ላይ ወደቆመው ምሰሶ ሄዱ። ምሰሶው ላይ በቢላ የተፋቀ አሮጌ ምልክት አለ፤ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ የሚያውቁባት ነበረች። አውራ ጣታቸውን እዚያች ምልክት ላይ አደረጉና ትንሽ ቆዩ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ። "ደክማችኋል። ተቀመጡ፣ ብሉ።"

እሳቸውም ተቀመጡ። ሲበሉ አላየሁም፤ ሐዘንተኛ ነውና ማንም አልተገረመም። ሰዉ መበተን ሲጀምር ሲሳይን ጠሩት። እኔ ሳህን እየሰበሰብኩ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ሥሩንስ?" አሉት።

ሲሳይ ወደ እኔ አየ። "ተነቅሏል፣ አያ። ለማገዶ።"

እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ዘረጉ፣ ጣቶቻቸውን ዘቀዘቁ፣ ከዚያ አዩትና መልሰው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ክረምቱ ሳይገባ ያለን ጊዜ ጥቂት ነበር። ቤታቸው ገብተው የነበሩት ሰው በማግስቱ ወጡ። ጉቶው የተነቀለበትን ጉድጓድ ሁሉ ድንጋይ ሞሉበት። ከረጢት በአሸዋ እየሞላን ደረደርን። ሰዉ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው፣ ሽማግሌ ሳይቀር ድንጋይ ተሸከመ። ሐምሌን ያዘልን። በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወንዙ ከላይ ዛፍ ሙሉ ይዞ መጣና በእነዚያ ጉድጓዶች ገባ። ከደብሩ አጥር ሥር ሆነን ስናይ መሬቱ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ። የታችኛው ረድፍ መቃብር እንዳለ ሄደ።

የቆየውን አጥንት ሰዉ ከጭቃው እየለቀመ ከላይ ቀበረ። እታገኝ አልተገኘችም። አያ ደርበው በትራቸውን ይዘው ወንዙን ተከትለው ወረዱ። አራት ቀን አልተመለሱም። ሲመለሱ አንድ ክንድ የማትሞላ የሰሌን ቁራጭ ይዘው ነበር። ሰው በሰሌን ተጠቅልሎ ነው የሚቀበረው፤ የማን እንደሆነች ማወቅ አይቻልም። ቄሶቹ አልጠየቁም። ከላይኛው በኩል ጉድጓድ ተቆፈረላት፣ ፍትሐት ተደረገላት።

ከዚያ ቅሬው ተሰበሰበ። ሙት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናው ማኅበር ነውና፣ የሙታንን ማረፊያ ያስበላ ማነው የሚለው የእሱ ጉዳይ ነበር።

"ማን ፈቀደላችሁ?" አሉ ዳኛው።

ሲሳይ ተነሣ። "እኔ ነኝ" አለ። "ማንንም አልጠየቅሁም።"

ፊት ለፊቱ ነበር የተቀመጥኩት። ደንቡ ያለበት ደብተር ጉልበቴ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየም። አያ ደርበው "ልጁን ተዉት" አሉ፣ ማንም አልሰማቸውም። ከቅሬው አስወጡት። እናቱ ብትሞት የሚቀብርለት የለም ማለት ነው። ላሊበላ ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራ ጀመር። እኔ ደብተሬን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በዚያ ዓመት መስቀል ሲያልፍ አያ ደርበው በትራቸውን ይዘው ደጄ መጡ። "ነይ እንጂ፣ እንለካ" አሉኝ። አፋፉ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን በእጄ መጻፍ አልቻልኩም። "ዓይኔ ደክሟል፣ ሌላ ሰው ይጻፍልዎ" ብዬ ደብተሩን ሰጠኋቸው። ደብተሩን አዩት፣ ዓይኔን አዩት፣ ተቀበሉኝ። ሌላ ጸሐፊ አልፈለጉም። ከዚያ ወዲህ የለኩባቸውን ጠጠሮች በየዓመቱ በጨርቅ እየቋጠሩ ጣሳ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር አሉ።

ሰላምታቸው ግን አልተቀየረም። "እንዴት አደርሽ፣ እቴ ሙሉ።" በየጧቱ።

ሦስት ዓመት ቻልኩት። በጥር ወር አንድ ቀን ወንዝ ዳር ሄድኩ። ጉድጓድ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

"አያ ደርበው፣ የምነግርዎ ነገር አለኝ።"

"መጀመሪያ ያችን ችግኝ አቀብዪኝ።"

አቀበልኳቸው። ተከሏት፣ ዙሪያዋን በእጃቸው ደለደሉት፣ ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

"ባሕር ውስጥ ዛፍ አለ ስል ሰዉ ይስቅ የለም?" አሉኝ። "ግማሹን ነው የማወራው። ሌላውን ለእታገኝም አልነገርኳት። የጦር ሰፈራችን ከዓሣ አጥማጆች መንደር አጠገብ ነበር። ዛፎቹ ከመንደሩ ፊት ጨው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ሥራቸው ከጭቃው ወደ ላይ እንደ እርሳስ ብቅ ብቅ ያለ ነው። ትንንሹ ዓሣ እዚያ መሐል ይደበቃል፤ ውሃው ሲሸሽ ግመል ገብታ ቅጠሉን ትበላለች። ለማገዶና ለምሽግ ጣሪያ ቁረጡ ተባልን። ቆረጥን። እኔ ጎበዝ ቆራጭ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ በየጧቱ መጥቶ ቁጭ ብሎ ያየናል። አማርኛ ብዙ አያውቅም። አንድ ቀን እጄን ያዘና ግንዱ ላይ አኖረው፣ ቀጥሎ ወደ ጎጆው ጠቆመኝ። ያልገባኝ እንዳይመስልሽ። ገብቶኛል። ትእዛዝ ነው አልኩና መጥረቢያዬን አነሣሁ።"

አጠገባቸው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ነፋሱ በመጣ ጊዜ ባሕሩ መጀመሪያ አሸዋውን ወሰደ፣ ከዚያ የፊተኞቹን ጎጆዎች። ሽማግሌውን የጎጆውን እንጨት ተሸክሞ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሸክሙን አወረደና ሰላም አለኝ። እንደ ወትሮው፣ እጄን ይዞ። ቢሰድበኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።"

"ከዚያስ?" አልኳቸው።

"ሴቶቹ ውሃው ሲሸሽ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ እየገቡ ፍሬውን መትከል ጀመሩ። ፍሬው እንደበቀለ ባቄላ ነው። ግመሎቹን በተራ ይጠብቁ ጀመር፣ ማገዶ ከሩቅ ያመጡ ጀመር። ተረኛ ባልሆንኩ ቀን አብሬያቸው እተክላለሁ። የዛሬውን ነገ ባሕሩ ይነቅለዋል። ደግመው ይተክላሉ። ከዚያ እኛን ወደ ሌላ ግንባር ወሰዱን። ይብቀል አይብቀል አላየሁም።" እጃቸውን አራገፉ። "ለሲሳይ ማን እንደፈቀደለት አውቃለሁ። ያ ልጅ ሳይጠይቅ እሾህ አይቆርጥም። ለእኔ አትንገሪኝ። ከቅሬው ያስወጡት እኔን አይደለም።"

ለማን መንገር እንዳለብኝ ገባኝ። የሽማግሌው ነገር ገብቶት መጥረቢያውን እንዳነሣው ወታደር ነው የገባኝ። ቤቴ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት አያ ደርበው በእግራቸው ላሊበላ ወርደው ሲሳይን ይዘውት መጡ፤ ቤታቸው አስቀመጡት። ቅሬው እሳቸውን አፍሮ መለሰው። ስሙ ግን አልተመለሰም። "ዛፍ ቆራጩ" ነው የሚባለው። ሁለት ጊዜ ሚስት አጭቶ የልጅቷ ወገኖች በዚህ ምክንያት ከለከሉት። ሁለቱንም ጊዜ ሰማሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከርሞ እናገራለሁ አልኩ።

ሁለቱ አብረው ዳሩን እንደገና ተከሉት። መብራት በጠፋባቸውና ሰዉ ማገዶ ባጣባቸው በእነዚያ የጦርነቱ የመከራ ወራት፣ ከሩቅ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነበር። አያ ደርበው ከዛፎቹ ፊት ይቆማሉ፤ ሲሳይ ቅርንጫፍ እየመለመለ ለሁሉም ያድላል። ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም፣ አንድም ሥር አልተነቀለም።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት በመስከረም መንገዱ ደርቆ ወደ ሰፈር ስመለስ፣ መኪና ውስጥ ነው። አርባው ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሲሳይ በማግስቱ መጣ። ጠጉሩ ጎንና ጎኑ ሸብቷል። የደጄን ድንጋይ ጠረገና ተቀመጠ።

"ሰዉ ዛፎቹ ለእሳቸው ካልሆኑ ለማን ይሁኑ እያለ ነው" አለኝ። "ደንቡ ያው ነው። እሳቸው የሉም፣ እርስዎ አሉ።"

"እሳቸው ስለ ዳስ ያሉህ ነገር አለ?"

"አንድም ቀን አላነሡም።"

"አይቆረጥም።"

"ይቀየማሉ።"

"ይቀየሙ።"

ሳቅ አለ። "በእኔ ነው የሚመጣው። ለአክስቱ ቆረጠ፣ ላሳደጉት ከለከለ ይሉኛል።"

"አይሉህም። እኔ እነግራቸዋለሁ። የያኔውንም።"

ሳቁ ጠፋ። መሬቱን በጣቱ ጫረ። "ተዉት እትዬ። አሁን ምን ያደርጋል? አልፏል እኮ።"

"ላንተ አልፏል?"

የጫረውን በመዳፉ ደመሰሰው። "አላለፈም" አለ።

በአርባው ቀን ሰዉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ቄሶቹ የራሳቸውን ጥላ ለሽማግሌዎች ሰጡ። ቅሬታው ይሰማ ነበር፤ ለዚህ ሰው አንድ ቅጠል ይጥፋ? የሚል። ጸሎቱ ሲያልቅ ተነሣሁ። ጉልበቴ አልታዘዘኝምና ሲሳይ ደገፈኝ፣ ለምን እንደምነሣ እያወቀ።

"እታገኝ ስትሞት ዛፉን ቁረጡ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሲሳይ ጠይቆኛል፣ ፈቅጃለሁ። ቅሬው ሲያስወጣው ስሜን አልጠራም። እኔም ተቀምጬ አየሁት።"

ከታችኛው ረድፍ የእናቷ መቃብር የተወሰደባት አንዲት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። እስከዛሬ አታናግረኝም። አልፈርድባትም።

የቅሬው ዳኛ፣ ያን ጊዜም እሳቸው ነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው አያይም። "አሥራ ሁለት ዓመት?" አሉ።

"አሥራ ሁለት ዓመት።"

"ቁጭ በይ" አሉኝ። "ጉልበትሽን ያምሻል። ሲሳይ የታለ? ወደዚህ አምጡልኝ።"

ምን እንዳሉት አልሰማሁም። እጁን ይዘው ብዙ ጊዜ አስቀመጡት።

ሰዉ ሲበተን ሲሳይ ከቤት በትሯን፣ ጣሳውንና በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይዞ መጣ። "መስቀል እኮ አለፈ" አለ። "ሳይለካ ሊቀር ነው።" ወንዝ ዳር ወረድን። ዛፎቹ ከጎርፉ የቀረ ጭቃ እስከ ወገባቸው ይዘው ቆመዋል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በትሯን አጋደመ፣ ጠጠር አስቀመጠ፣ አነሣ፤ ልክ እንደ እሳቸው ወገቡን እየያዘ ወደ ላይ ወጣ። አያ ደርበው የተቀበሩት ከላይኛው በኩል ነው፣ ከሰሌኗ ቁራጭ አጠገብ።

ደብተሩን ከላስቲኩ አወጣሁት። የእኔ ጽሑፍ የሚያልቅበት ገጽ አለ። ከእሱ ሥር አያ ደርበው በወታደር ቤት በተማሩት በዚያ ትልልቅ ፊደላቸው አንድ መስመር ጽፈዋል። "እቴ ሙሉ ዓይኗ እስኪሻላት" ይላል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች ዓመቱ ብቻ ከላይ ተጽፎባቸው ባዶ ናቸው፤ ለየዓመቱ አንድ አንድ።

ሲሳይ ከአጥሩ ሥር ቀና አለ። ጠጠሮቹን ከአምናው ቋጠሮ ጋር አስተያያቸው።

"ይጻፉ እትዬ" አለኝ። "እንደ አምናው ነው።"

ጻፍኩ።